ዕዳው ተከፍሎ ሳለ ስለምን አንገቴን እደፋለሁ?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል ሦስቱን መርጠናል። ጸሐፊዎቹ አይተዋወቁም፤ ሦስቱም ግን በየራሳቸው መንገድ ስለ ቤዛነትና ጠፍቶ ስለ መመለስ ጠይቀውናል። የመጀመሪያው ሰፋ ያለ መልስ የሚሻ በመሆኑ አብዛኛውን ቦታ ለእርሱ ሰጥተናል።

ጥያቄ፦ በሰፈራችን ዕድር ለስድስት ዓመት ገንዘብ ያዥ ነበርሁ። ልጄ በጠና በታመመችበት ጊዜ ከዕድሩ ገንዘብ 36,000 ብር ወሰድሁ። እመልሰዋለሁ ስል ሳልመልሰው ሂሳብ ሲመረመር ተገኘብኝ። ሽማግሌዎች ገብተው ነገሩ ፍርድ ቤት ሳይደርስ ቀረ፤ ግማሹን ከፈልሁ፤ ቀሪውን ዕድርተኛው ስለ ልጄ አዝኖ «ተወው» አለኝ። ለንስሐ አባቴም ተናዝዤ፣ የታዘዝሁትን ጾምና ስግደት ፈጽሜ፣ «እግዚአብሔር ይፍታህ» ተብያለሁ። ይህ ከሆነ ሁለት ዓመት አለፈው። ይሁን እንጂ ለቅሶ ቤት ስገባ ወሬ ይቋረጣል። ስጸልይም ጀርባውን ከሰጠኝ ሰው ጋር የማወራ ይመስለኛል። ክርስቶስ ዕዳዬን ከከፈለልኝ፣ እኔም ይህን ካመንሁ፣ ስለምን እንደ ቀድሞው አልሆንሁም?
(ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ውድ ወንድማችን፣ በደብዳቤዎ ውስጥ ሦስት ጥያቄዎች ተጠላልፈዋል፤ እግዚአብሔር ይቅር ብሎኛልን? ለበደልኋቸው ሰዎች የሚቀረኝ ነገር አለን? ወደ ቀድሞ ቦታዬስ እመለሳለሁን? የእርስዎን ልብ ያደከመው የሦስተኛው መልስ መዘግየት ይመስለኛል፤ እርሱ ስለ ዘገየ የመጀመሪያውን መጠራጠር ጀምረዋል። ስለዚህ አንድ በአንድ እንያቸው።

ጌታችን ስለ ራሱ ሲናገር የመጣው «ነፍሱንም ለብዙዎች ቤዛ ሊሰጥ» እንደ ሆነ ነግሮናል (ማር. 10፥45)። ይህ «ቤዛ» የሚለው ቃል በአየር ላይ የተንሳፈፈ የስብከት ቃል ሳይሆን ሥሩ በኦሪት ሕግ ውስጥ የተተከለ ነው። በዘሌዋውያን ምዕራፍ 25 እንደምናነበው አንድ እስራኤላዊ ደኽይቶ ራሱን ለባዕድ ቢሸጥ ወንድሙ፣ አጎቱ፣ የአጎቱ ልጅ ወይም ከወገኑ የቅርብ ዘመድ የሆነ ሰው ሊቤዠው ይችላል። ዋጋውም በደፈናው አይነገርም፤ ሰውየው ከተሸጠበት ዓመት አንሥቶ እስከ ኢዮቤልዩ፣ ማለትም እስከ 50ኛው ዓመት ድረስ ያለው ጊዜ ተቆጥሮ በልኩ ይተመናል። እዚህ ላይ ልብ እንዲሉልኝ የምፈልገው የተቤዢውን ማንነት ነው። ሀብታም ጎረቤት ሊራራለት ይችላል፤ ሕጉ የሚጠራው ግን ዘመዱን ነው። በመጽሐፈ ሩትም ቦዔዝ ዐሥር ሽማግሌዎችን በከተማው በር አስቀምጦ ሲነጋገር፣ ከእርሱ ይልቅ የሚቀርበው ዘመድ መሬቱን ለመቤዠት ፈቃደኛ ነበረ፤ ሩት አብራ እንደምትመጣ በሰማ ጊዜ ግን የገዛ ርስቱን እንዳያበላሽ ፈርቶ ጫማውን አውልቆ ተወ። ቦዔዝ ኪሳራውን ዐውቆ ገባበት።

የሥጋዌ ምሥጢርም እዚህ ላይ ይነበባል። እግዚአብሔር ወልድ ከሩቅ ሆኖ አልራራልንም፤ ከእመቤታችን ሥጋ ነሥቶ የባሕርያችን ዘመድ ሆነ፤ ዘመድ ከሆነ በኋላ የመቤዠትን ነገር እንደ ዘመድ ፈጸመው። አባቶቻችን ይህንኑ በጥምቀት በዓል የሚተርኩበት መንገድ አለ። አዳምና ሔዋን ከገነት ከወጡ በኋላ ዲያብሎስ «አዳም የዲያብሎስ አገልጋይ፣ ሔዋንም የዲያብሎስ ገረድ» የሚል የዕዳ ደብዳቤ አጽፏቸው፣ አንዱን በዮርዳኖስ፣ ሌላውን በሲኦል አኖረው፤ ጌታም በዮርዳኖስ ሲጠመቅ ያንን፣ በመስቀል ሞቶ ወደ ሲኦል ሲወርድ ይህንን ደመሰሰ ይሉናል። ቅዱስ ጳውሎስ ለቈላስይስ ሰዎች በጻፈው መልእክት (2፥14) ጌታ የዕዳችንን ጽሕፈት እንደ ደመሰሰና በመስቀል ላይ እንደ ቸነከረው የተናገረውን ቃል ነው በትረካ ያኖሩልን።

ወንድሜ፣ የተደመሰሰ ደብዳቤ እርስዎ ስለ ተጨነቁ ተመልሶ አይጻፍም። የይቅርታው እውነተኛነት በከፈለው ዘመድ ላይ የተመሠረተ እንጂ በእርስዎ ስሜት ላይ የቆመ አይደለም። «ጸጋው በእምነት አድኖአችኋልና» የሚለው ቃል (ኤፌ. 2፥8) በዚህ ረገድ ለእርስዎ የተጻፈ ነው፤ እምነት ማለት የተከፈለውን ክፍያ አለመመለስ፣ ከከፈለውም ፊት አለመሸሽ ነው። ይህን ለማስረዳት ከይሁዳ የበለጠ ምሳሌ አላውቅም። ይሁዳ ተጸጸተ፤ «በድያለሁ» ብሎ በቃሉ ተናዘዘ፤ 30ውን ብርም ሳያጎድል ለካህናት አለቆች መለሰ። በሂሳብ ረገድ ከእርስዎም ከእኔም ይልቅ እርሱ ጨርሶ ከፍሏል። ያላደረገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ወደ ሸጠው ጌታ አልሄደም። ገንዘቡን ጥሎ፣ ወንድሞቹንም ትቶ፣ ብቻውን ሄደ። የእርስዎ ደብዳቤ ያሳሰበኝም በዚህ ነው፤ ከለቅሶ ቤት መቅረትን፣ ከጸሎትም መሸሽን እያሰቡ እንደ ሆነ በመስመሮቹ መካከል አንብቤያለሁና እባክዎን አይሽሹ።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄ ስንመጣ ግን ከእርስዎ ጋር በግልጽ መነጋገር አለብኝ። ዕድርተኛው «ተወው» ያለዎትን 18,000 ብር ቀስ እያሉም ቢሆን ይክፈሉት። ዘኬዎስን ያስታውሱ። ጌታ ከሾላው ዛፍ ጠርቶ «ዛሬ በቤትህ እውል ዘንድ ይገባኛልና» ሲለው ዘኬዎስ ገና አንዲት ሳንቲም አልመለሰም፤ ጌታ ወደ ቤቱ የገባው ቀማኛ ሳለ ነው። ዘኬዎስ ተነሥቶ የሀብቱን እኩሌታ ለድሆች እንደሚሰጥ፣ የበደለውንም አራት እጥፍ እንደሚመልስ የተናገረው ከተቀበሉት በኋላ ነው። ይህን ቅደም ተከተል ብናዛባው ወይ ይቅርታን በብር የምንገዛ እንሆናለን፣ አለዚያም በይቅርታ ስም የሰው ገንዘብ እናስቀራለን። የኦሪት ሕግ (ዘኍ. 5፥7) ኃጢአቱን የተናዘዘ ሰው ዋናውን መልሶ አምስተኛ እጅ እንዲጨምርበት ያዝዛል፤ በእርስዎ ሂሳብ ይህ ጭማሪ 7,200 ብር ይሆናል። እንዲህ ያለ ሕግ በአንገትዎ ላይ ልጭን አልፈልግም፤ ዘኬዎስ ግን ከሕጉ አልፎ ሄዷል፤ ማንም ስላላስገደደው ደስ እያለው ሄዷል። ያ ገንዘብ በአንድ ወቅት ለአንዲት መበለት ቀብር ይውል የነበረ ገንዘብ ነው። ሰዎቹ ስለ ልጅዎ ብለው ተዉት፤ እርስዎ ስለ እነርሱ ብለው ይመልሱላቸው።

የፈጸሙትን ቀኖናም በዚሁ ዐይን ይዩት። ጾሙና ስግደቱ የዕዳ ክፍያ አልነበረም፤ ክፍያውማ በጎልጎታ ተፈጽሟል። ቀኖና የታመመ ሰው የሚወስደው መድኃኒት ነው፤ ያቆሰለን ልማድ ነቅሎ ሌላ ልማድ ይተክላል። መድኃኒቱን የጨረሰ ሰውም በማግሥቱ እንደ ጎረምሳ ይሮጣል ማለት አይደለም፤ ግድግዳ ተደግፎ የሚሄድበት ወራት አለው።

አሁን ስለ ቦታዎ። «እንደ ቀድሞው» የሚለውን ቃል ቢተዉት እመኛለሁ፤ እግዚአብሔር ወደ ኋላ አይመልስዎትምና። ከሙታን የተነሣው ጌታ ለቶማስ እጁንና ጎኑን ያሳየው የችንካሩና የጦሩ ምልክት እንዳለ ነው፤ ትንሣኤ ቁስሉን አልካደውም። የእርስዎም ቁስል በዕድርተኛው ዘንድ ይታወቃል፤ ስለዚህ እምነት እስኪመለስ ጊዜ ይወስዳል፤ ሰዎቹ ስለ ጠነከሩ ብቻ ሳይሆን ስለ ተጎዱም ነው። የገንዘብ ያዥነቱን ወንበር መልሰው አይመኙት፤ ማንም ሊሰጥዎ ቢፈልግ እንኳ ለጊዜው ይለፈዎት። ከዚያ ይልቅ ሰው በሞተ ጊዜ ማለዳ ይሂዱ፤ ድንኳን የሚተክሉ፣ አግዳሚ ወንበር የሚሸከሙ እጆች ሁልጊዜ ያንሳሉ። ከለቅሶ ቤት ወሬው የሚቋረጠው እርስዎ ገብተው ሲቀመጡ ነው፤ የድንኳን እንጨት ተሸክመው ሲገቡ ግን «ወዲህ ያዝ» የሚልዎ አይጠፋም።

ከብዙ ዓመታት የክህነት አገልግሎቴ አንድ ነገር ላጫውትዎ። በስቅለት ዕለት ከጠዋት ጀምሮ «ኪርያላይሶን» እየተባለ ሲሰገድ ይዋልና ወደ ማታ ሕዝቡ በካህናቱ ፊት ይሰለፋል። ካህኑም በወይራ ዝንጣፊ የእያንዳንዱን ጀርባ ቸብ ቸብ እያደረገ ተጨማሪ ስግደት ያዝዘዋል። ነጠላው በላብ ርሶ ከጀርባው ጋር የተጣበቀ ሰው ሁሉ እኩል ጎንበስ ብሎ ይመጣል፤ ባለ ሥልጣኑ ከጫማ ጠራጊው አይለይም። በእጄ የያዝሁት ወይራ ቅጠሉ እየረገፈ ሄዶ በመጨረሻ እንጨቱ ብቻ ይቀራል። በማግሥቱ፣ በቀዳም ሥዑር፣ «ገብረ ሰላመ በመስቀሉ» እየተባለ ለዚያው ሕዝብ ቄጤማ እናድላለን፤ ትናንት ጀርባውን የሰጠኝ ሰው ዛሬ ቄጤማውን በራሱ ላይ አስሮ ይወጣል። ቄጤማውም ርግብ ለኖኅ ያመጣችለት የለመለመ ቅጠል ምሳሌ ነው፤ ያም ቅጠል የወይራ ነበር። ትናንት ጀርባቸውን የነካው፣ ዛሬም የጥፋት ውኃ መጉደሉን የሚያበሥራቸው ያው ወይራ መሆኑን ባሰብሁ ቁጥር ልቤ ይሞላል። እርስዎ ወንድሜ፣ የዓርቡን ሥርዓት ፈጽመው ቅዳሜን ሳይቀበሉ ወደ ቤትዎ የሄዱ ይመስለኛል። ተመልሰው ይምጡ፤ ቅዱስ ቁርባንን ከተቀበሉ ስንት ጊዜ እንደ ሆነዎ አልጻፉልኝም፤ ከንስሐ አባትዎ ጋር መነጋገር ያለብዎ ስለዚህ ነው። ጀርባውን የሰጠዎት የመሰለዎት እርሱ ሥጋውንና ደሙን ይዞ ፊት ለፊት የቆመው በዚያ ነው።

ጥያቄ፦ በሰንበት ትምህርት ቤት ሕፃናትን አስተምራለሁ። «ክርስቶስ ቤዛችን ሆነ» ብዬ ሳስተምር አንድ የዘጠኝ ዓመት ልጅ «ታዲያ ዋጋውን የተቀበለው ማን ነው? ሰይጣን ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። መልስ አጣሁ።
(ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ልጁ የጠየቀው ጥያቄ በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ታላላቅ መምህራንን ያነጋገረ ነው፤ ስለዚህ ባለመመለስዎ አይዘኑ። ጎርጎርዮስ ነባቤ መለኮት ይህንኑ ጥያቄ በፋሲካ ስብከቱ አንሥቶ፣ ቀማኛው ዲያብሎስ የእግዚአብሔርን ልጅ ደም እንደ ዋጋ ተቀበለ ማለትን አጥብቆ ነቅፏል። የሰረቀ ሌባ ለሰረቀው ዕቃ ዋጋ አይከፈለውም።

ለልጆቹ ለማስረዳት ከራሳችን ቋንቋ የሚቀርብ አላገኘሁም። «እናቲቱ ከእሳት ውስጥ ገብታ ለልጇ ቤዛ ሆነች» ስንል እሳቱ ምን ተቀበለ ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ ሁላችንም የምንሰማው እናቲቱ ምን እንደ ከፈለች ነው። እግዚአብሔርም ሕዝቡን ከግብፅ የባርነት ቤት ሲቤዥ ለፈርዖን የተከፈለው ነገር አልነበረም። ቤዛ ሲባል የእኛ መዳን ምን ያህል እንዳስከፈለው እንጂ የሻጭና የገዢ ውል አይታሰብም።

ከዚያም ስለ መታደስ ሊያስተምሯቸው ከወደዱ ቅዱስ አትናቴዎስ የተጠቀመበትን ምሳሌ ይውሰዱ። ይህ አባት የእስክንድርያ ሊቀ ጳጳስ ሳለ አባታችንን ፍሬምናጦስን፣ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን የምንለውን፣ ጵጵስና ሾሞ ወደ አገራችን የላከ በመሆኑ ለእኛ ሩቅ አይደለም። በእንጨት ላይ የተሣለ የሰው መልክ በእድፍ ቢጠፋ፣ መልኩ የተሣለለት ሰው ራሱ ዳግመኛ መጥቶ እንዲቀመጥ ያስፈልጋል፤ እንጨቱም አይጣልም፣ በዚያው ላይ መልኩ ይታደሳል ይላል። በእግዚአብሔር መልክ የተፈጠረው ሰው በኃጢአት በቆሸሸ ጊዜ መልኩ የእርሱ የሆነው ጌታ ራሱ መጣ። ልጆቹ ሥዕል መሣል ስለሚወዱ ይህን አይረሱትም። ለእኔ ግን ከምሳሌው ሁሉ የሚበልጥብኝ እንጨቱ አለመጣሉ ነው፤ ያንኑ አሮጌ እንጨት ነው የሚያነሣው።

ጥያቄ፦ በቤት ሠራተኝነት ወደ ዐረብ አገር ስሄድ ደላላው «በሌላ ስምና በሌላ ሃይማኖት ካልተመዘገብሽ ሥራ አታገኚም» ስላለኝ ስሜን አስቀየርሁ። ማተቤንም በገዛ እጄ በጠስሁ። አራት ዓመት ሙሉ ሲጠይቁኝ ክርስቲያን አይደለሁም እያልሁ ኖሬ አሁን ተመልሻለሁ። የቤተ ክርስቲያን በር ላይ ተሳልሜ እመለሳለሁ፤ ለመግባት አልደፍርም። እንደገና መጠመቅ ይኖርብኛልን?
(ከደሴ)

መልስ፦ እኅታችን፣ አይጠመቁም። ኃጢአት በምትሠረይባት በአንዲት ጥምቀት እናምናለን፤ የተጠመቀ ሰው ሁለተኛ አይጠመቅም። ማተብ የጥምቀት ምልክት ነው፤ ምልክቱ ተበጠሰ እንጂ ልጅነትዎ አልተሻረም። ቤተ ክርስቲያን ሃይማኖቱን ክዶ ለተመለሰ ሰው የምትጸልየው መጽሐፈ ቄደር የሚባል የንስሐ ጸሎት አላት። ጸሎቱ በውኃ ላይ ይደርሳል፤ ሁለተኛ ጥምቀት ግን አይደለም። ለእርስዎ ያስፈልግ እንደ ሆነ፣ ቀኖናውም ምን እንደሚሆን፣ ታሪክዎን ሰምተው የንስሐ አባትዎ ይወስናሉ። ያስገደደዎት ችግርም በሚዛኑ ላይ ይቀመጣል። በነገራችን ላይ ጥፋቱ አብረዋቸው በኖሩት ሰዎች ሃይማኖት ላይ አይደለም፤ በእንጀራ ችግርና ችግሩን በነገደበት ደላላ ላይ ነው።

ቅዱስ ጴጥሮስም እንደ እርስዎ ጌታውን «አላውቀውም» ያለው ንጉሥ ሰይፍ መዝዞበት አልነበረም፤ በር የምትጠብቅ አንዲት ገረድ ጠይቃው ነው፤ ብርድ ነበረና የፍም እሳት እየሞቀ ካደ። «የፍም እሳት» የሚለው የግሪክ ቃል በአዲስ ኪዳን ሁለት ጊዜ ብቻ ይገኛል፤ አንዱ በዚያ ሌሊት በሊቀ ካህናቱ ግቢ፣ ሁለተኛው ከትንሣኤ በኋላ በጥብርያዶስ ባሕር ዳር። ጌታ ራሱ ፍም አንድዶ፣ ዓሣ በላዩ አድርጎ፣ እንጀራም አቅርቦ ጠበቀው። ስለ ክህደቱ አንዲት ቃል ሳይናገር «ኑ፥ ምሳ ብሉ» አለ። ከበሉ በኋላ ነው ሦስት ጊዜ «ትወደኛለህን?» ብሎ የጠየቀው፤ ሦስት ጊዜም በጎቹን የሰጠው። የጠራውም በእናት አባቱ ስም ነው፤ «የዮና ልጅ ስምዖን ሆይ» ብሎ።

ስለዚህ በሩ ላይ ተሳልመው አይመለሱ፤ ይግቡ። ቢቻል ሰው በማይበዛበት ሰዓት፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ ካህን ፈልገው «ክጄ ነበር፤ ተመልሻለሁ» ይበሉ፤ ሌላውን እርሳቸው ይጠይቁዎታል። አዲስ ማተብም ባርከው ያስሩልዎታል። ከሁሉ በፊት ግን የክርስትና ስምዎን ይጠይቁዎታል። ደላላው በፓስፖርትዎ ላይ ያለውን ስም ቀይሮ ይሆናል፤ በ80 ቀንዎ የተሰጠዎት ስም ግን በዚያ ወረቀት ላይ ስላልነበረ አልነካውም። እርሱን ይንገሯቸው።